የተውሶ አልጋ

ሬዲዮ ሲንጫጫ ስሰማ እስከ ዛሬ ንድድ ይለኛል። ሰዎች ለምን ሲሉኝ ራሴን ያመኛል እላለሁ።

ያን ጊዜ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወረድ አንዲት ክፍል የጭቃ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። የልጄ አባት የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ እኔ ነፍሰ ጡር ሳለሁ ጅማ ደርሼ ልምጣ ብሎ እንደወጣ ቀረ። ሴት ልጅ ወለድኩ። ገና ክርስትና ሳትነሳ ጡቴ ደረቀ። አከራዬ እትዬ የአብሽ ውሃ ቢያጠጡኝ፣ አጥሚት ቢግቱኝ፣ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። የልጄ የለቅሶ ድምፅ በየቀኑ ያንስብኝ ጀመር።

በዚያ ሰሞን ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ እየመጣች ነፍሰ ጡሩንና አራሱን በየቤቱ እየዞረች ታይ ነበር። የቸገራት እናት ካገኘች የዱቄት ወተት በቆርቆሮ ትሰጣለች። ማክሰኞ እኔ ጋ እንደምትመጣ ስሰማ እፎይ አልኩ። ሰፈሩ ግን ተሸበረ። ነርሷ ባዶ ቤት ካየች ሕፃኑን ለማሳደጊያ ታስወስዳለች የሚል ወሬ ነበር። ማን እንዳወራው እንጃ፤ እኔም አመንኩት።

«መደብ ላይ የተኛች አራስ ልናሳያት ነው? እኔ ቆሜ!» አሉ እትዬ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ቀሰቀሱት። ከላይኛው ግቢ የሽቦ አልጋ ከነፍራሹ መጣ። ከትግራይ የመጣችው ጎረቤቴ ለሰርጓ የተሰጣትን አልጋ ልብስ አነጠፈችበት። የባለሱቁ ሚስት ደግሞ ባሏ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ እንደወጣ ሬዲዮኑን ታቅፋ ከተፍ አለች። «ይቺን ስታይ ነርሷ ራሷ ሰላምታ ትሰጥሻለች!» ብላ ከፈተችው። እኔም ሳቅሁ። እንደዚያ የወደደኝ ሰፈር አላጋጠመኝም፤ ሳስበው አሁንም ያናድደኛል።

ነርሷ መጣች። ነጭ የለበሰች፣ ልጅ እግር ናት። ሕፃኗን ገልጣ ስታያት ፊቷ ተለወጠ።

«በጣም ከስታለች። ጡት ትጠባለች?»

«ደርቋል፣ ሲስተር።»

ቀና ብላ አልጋውን አየች። ሬዲዮኑን አየች።

«እንግዲያው የላም ወተት እየገዛሽ፣ በውሃ አቅጥነሽ፣ አፍልተሽ ስጫት። የእኛው ምንም ለሌላቸው ነው። እናንተ እግዚአብሔር ይመስገን ሙሉ ቤት አላችሁ።»

ቆርቆሮው ከቦርሳዋ አፍ ላይ ይታየኛል። «ሲስተር...» አልኩና በሩ ላይ የቆሙትን እትዬን አየሁ። እንዳትናገሪ በሚል ራሳቸውን ወዘወዙ። ልጄን ከሚወስዱብኝ ብዬ ዝም አልኩ። ሬዲዮው ይዘፍናል፤ ነርሷ ወጥታ ሄደች።

ጀንበር ሳትጠልቅ ዕቃው ወደየባለቤቱ ተመለሰ፣ እኔም ወደ መደቤ። ጎረቤቶቼ ከልጆቻቸው አፍ እየቀነሱ በሲኒ ወተት ያመጡልኝ ነበር። አልበቃም። ክርስትና በተነሳች በሳምንቷ ልጄ እቅፌ ውስጥ ሞተች። ከቀብር መልስ እትዬ ደረታቸውን እየደቁ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። አይደሉም የምልበት አንጀት አልነበረኝም። እኔም የምኖርበት ምክንያት አልታይ አለኝ።

አንድ ቀን ነርሷ ሳይነገረን መጣች። በሩ ክፍት ነበር። አንገቷን አስግጋ የአፈሩን ወለል፣ መደቡንና ባዶውን ግድግዳ አየች።

«ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» ብላ ልትመለስ ስትል፣

«አልተሳሳቱም፣ ሲስተር። ያ ሁሉ የተውሶ ነበር» አልኳት።

ተመልሳ ገባች። ከዚያ ቶሎ ብላ ቦርሳዋን ከፈተችና ቆርቆሮውን አውጥታ መደቡ ላይ አስቀመጠችልኝ። ወተቱ እንዴት እንደሚበጠበጥ ታስረዳኝ ጀመር፤ ውሃው በደንብ መፍላት አለበት፣ ጡጦው መቀቀል አለበት። እኔም እሺ እያልኩ እሰማታለሁ። ስለ ልጄ ገና አልጠየቀችኝም ነበር።