በማርሽ የቆመችው መኪና

ባለፈው ሳምንት ከዊንጌት በላይ አንዲት አሮጌ መኪና እየተንተፋተፈች ዳገቱን ስትወጣ ሰማሁና፣ ያ ድምፅ አንድ የልጅነት ክረምቴን መለሰልኝ። ወደዚያ ጣጣ ያስገባን የእናቴ ጉልበት ነበር። እናቴ በየዓመቱ መስከረም ሃያ አንድ ቀን እንጦጦ ማርያም በእግሯ ትወጣ ነበር፤ ጉልበቷ ሲከዳት አባቴ በመኪና ሊያወጣት ቃል ገባላት። ትንሿ መኪናችን ግን ዳገቱን ስለማትችለው፣ ተለቅ ያለ አሮጌ ሞተር ገዝቶ ገጠመላት፤ ቫልቮቹን የሚከፍተውንም ዘንግ ቶርኖ ቤት አስሞርዶ አብዝቶ እንዲከፍት አደረገው።

ሐምሌን በሙሉ ከቢሮ ሲመለስ ካፖርቱን ሳያወልቅ ኮፈኑ ሥር ይገባ ነበር። ዘንጉ ከሞተሩ ጋር በሚያያይዘው ካቴና በልክ ካልዞረ፣ ብልጭታውም ለካንዴላው በሰዓቱ ካልደረሰ፣ ሞተሩ አንዴ ተኩሶ ዝም ይላል። አባቴ በእኅቴ የጥፍር ቀለም ምልክት እያደረገ ያስተካክል፣ ያስነሣ፣ እንደገና ይፈታ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ አጥሩን ተደግፎ፣ «ይቺስ ጠበል ነው የሚያሻት» ይለው ነበር። እናቴ በእሁድና በበዓል ብረት ስለማታስነካ፣ ሥራው ሁልጊዜ ሊሳካ ሲል ይቋረጥ ነበር።

ነሐሴ ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። አባቴ በዋዜማው ካቴናውን አውልቆ፣ ዘንጉን በምልክቱ ላይ አቁሞ፣ በሯን ቆልፎ ገባ። የእጅ ፍሬኗ ስለማይዝ እንደ ሰፈራችን ደንብ በማርሽና በድንጋይ ቆማ ነበር። በማግስቱ ለድንኳኑ ቦታ ጠበበና፣ አባቴ ቄሱን ሊያመጣ በሄደበት ማኅበርተኞቹ ድንጋዩን አንሥተው ገፏት። ጎማው ሞተሩን አዞረው፤ ካቴና የሌለው ዘንግ ግን አብሮ አልዞረም፤ ፒስተኖቹ ወጥተው የተከፈቱትን ቫልቮች አጣመሟቸው።

አባቴ ሲመለስ መኪናዋን ቦታዋ ላይ አጣት።

«ማን ገፋት?»

«እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ደምሴ፤ «እምቢ ስትለን ዝገት ይዟት ነው ብለን ሰው ጨመርን።»

እናቴ ስለ ማርያም ብላ እንዳይቆጣ ለመነችው። አባቴ ቀኑን ሙሉ ለማኅበርተኞቹ ጠላ ሲቀዳ ዋለ።

ጳጉሜ ላይ እኛ ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ስንጠመቅ፣ እሱ ኮፈኑ ላይ ሸራ ወጥሮ ቫልቮቹን ይቀይር ነበር፤ ጋሽ ደምሴም ሳይጠራ እየመጣ መፍቻ ያቀብለው ነበር። መስከረም በጠባ በሳምንቱ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳይስት ተነሣ፤ እናቴም ነጠላዋን አጥባ አሰጣች።

የቀረው ቦሎ ነበር፤ ዓመታዊውን ምርመራ ያላለፈ መኪና መንገድ አይወጣምና። ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀር አባቴ እኔን አስከትሎ ወሰዳት። መርማሪው መብራቷንና የተሠራውን ፍሬኗን አየ፣ ጆሮውን ወደ ኮፈኑ አስጠጋ።

«ማን ነው እንዲህ ያስተካከለልዎት?»

«እኔው ነኝ» አለ አባቴ፣ ክራቫቱን እያቃና።

ከዚያ በኋላ መርማሪው የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያየ።

ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጨረስኩ ነኝና፣ በዚያ ወንበር ብቀመጥ ያንኑ እወስን እንደነበር አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን እስከ ዛሬ አላጽናናኝም። የልጄ መኪና የብልጭታዋን ሰዓት ራሷ ታስተካክላለች፤ እንጦጦንም ሳታጓራ ትወጣዋለች፤ የምናወጣት እናት ግን የለችንም። ያኔ የተሰጠን ውሳኔ፣ በሊብሬው የተመዘገበው ሞተር እስኪመለስ መኪናዋ ከግቢ እንዳትወጣ የሚል ነበር፤ ቀኑም መስከረም አሥራ ዘጠኝ።