የእትዬ ሙሉ የጨው ትሪ

ልጅ ሳለሁ ጨው ለወጥ ብቻ የተፈጠረ ነገር አይመስለኝም ነበር። እናትና አባቴ ከሥራ እስኪመለሱ እኔንና ታናሽ ወንድሜን አንዋርን የሚጠብቁን እትዬ ሙሉ ነበሩ፤ በሰው አገር፣ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት ሕንጻ ከእኛ ሁለት ፎቅ በላይ የሚኖሩ፣ የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ የሚሰበስቡ ብርቱ ሴት። ሌላ ቤት ልጅ ሲያስቸግር ቴሌቪዥን ይከፈትለታል። እትዬ ሙሉ ግን የኬክ መጋገሪያ ትሪያቸውን ምንጣፉ ላይ ያስቀምጡና ጨው ይነሰንሱበታል፤ እኛም በጣታችን ፊደል እንጽፍበታለን። ከተሳሳትን ትሪውን ነቅነቅ ማድረግ ነው፤ ላጲስ የለ፣ ቁጣ የለ።

ተረት የሚሰማው እሳት ዳር ነው ሲባል እሰማለሁ። ያኔ በእኛ ሕንጻ ግን ሽንኩርት እንኳ ትንሽ ካረረ የጭስ አላርሙ ነዋሪውን በሙሉ ደጅ ያወጣ ነበር። የእኛ ተረት የሚነገረው በብርዱ ወራት ቀኑ ቶሎ ሲመሽ፣ ጥግ ላይ በምትቆም ቢጫ መብራት ሥር፣ ማሞቂያው ቋ ቋ እያለ ነበር።

ተረት እላለሁ እንጂ እትዬ ሙሉ የእውነት ታሪክ ነው ይሉ ነበር። በወጣትነታቸው ለትምህርት ቡልጋሪያ ሄደው ሳሉ የሰሙት የአንድ የገጠር አስተማሪ ሕይወት ነው። ስሙን ነግረውን ይሆናል፤ እኔ ጋ የቀረው ግን «ዳስካል» የሚለው ብቻ ነው፣ በእነሱ ቋንቋ አስተማሪ ማለት ነው። በዚያ ዘመን አገሩን የሚገዛው ቱርክ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያኑና በገበያው የሚከበረው ደግሞ ግሪክኛ። ዳስካል ልጆቹን በገዛ ቋንቋቸው አስተምራለሁ ብሎ ተነሣ። ወረቀት ውድ ስለነበር ከወንዝ አሸዋ አምጥቶ በሣጥን ዘረጋላቸው። ልጆቹ ብዙ፣ እሱ አንድ ነበርና ዛሬ አንድ ፊደል የለየ ልጅ ነገ ላልለየው እንዲያሳይ ደንብ አወጣ። «ያወቀ ላላወቀ» ይሉት ነበር እትዬ ሙሉ። እኛም የምንተዳደረው በዚሁ ደንብ ስለነበር አንዋርን የማስተምረው እኔ ነበርኩ፤ እሱም ጨዉን እየላሰ ፍዳዬን ያሳየኝ ነበር።

ዳስካልን መጀመሪያ የተቃወሙት ቱርኮቹ አልነበሩም፤ የልጆቹ አባቶች ናቸው። በእኛ ቋንቋ የበግ ጠጉር ይሸጣል ወይ አሉት። እሱም፣ በግሪክኛ ሸጣችሁ ቤት ስትገቡ ለልጆቻችሁ በምን ትነግሯቸዋላችሁ ብሎ መለሰላቸው። ቀን እያስተማረ፣ ሲመሽ ለነጻነት ከሚያሤሩት ጋር መንደር ለመንደር ይዞር ጀመር። በኋላ አንድ የሚያምነው ሰው ጠቆመበትና ተይዞ አገረ ገዢው ፊት ቀረበ። አገረ ገዢውም ይህን ነገር ተው፣ ልጆቹንም ማስተማር ይቅርብህ፣ ነፍስህን ይዘህ ወደ ቤትህ ግባ አለው።

ልክ እዚህ ላይ በሩ ተንኳኳ።

አባቴ ነበር፤ የታክሲውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ገባ። እዚሁ እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ተወልጄ ሳለ ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ለሚቸግራቸው ልጆች ክፍል አስገብቶኛል፤ አባቴም ለዚህ ጥፋተኛው አማርኛው ነው ብሎ ቆርጦ ነበር።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ» አለ። «ኢንግሊሿ ቢሃይንድ ነው ብለው ኮል አደረጉልኝ። ከመንደይ ጀምሮ ሁለቱም አፍተር ስኩል ይገባሉ።»

«እንግሊዝኛውን አገሩ ራሱ ያስተምራታል» አሉ እትዬ ሙሉ። «ይቺን አማርኛዋን ከእኛ ሌላ ማን ይሰጣታል?»

አባቴ ትልቅ ሰው ያከብራል፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። ሐሳቡን ግን አልለወጠም። እኔ በንዴት ጫማዬን ማሰር አቃተኝ፤ ዳስካል እሺ ይበል እምቢ ይበል ሳልሰማ ነው የወጣሁት።

ልጆች ከትምህርት በኋላ የሚቆዩበት አዲሱ ቦታ ኮምፒውተርም ብስኩትም ነበረው፤ አልከፋም። ቤታችን ደግሞ ከልጆቹ ጋር እንግሊዝኛ ብቻ የሚል ሕግ ወጣ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ ገብቶ ሲተኛ፣ የእናቴን ትሪ አወረድኩና አንድ ፓኬት ሙሉ ጨው ገለበጥኩበት። አንዋርን አስቀመጥኩት። ከለመደው ከ«ለ» እና ከ«ሐ» አልፈን «መ» ላይ ስንደርስ አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። እንደ ሕጉ በእንግሊዝኛ ማን እንዳዘዘኝ ጠየቀኝ። ፈርቻለሁ፤ ግን በአማርኛ መለስኩለት።

«ማንም አላዘዘኝም። አንዋር ‹መ›ን አያውቃትም፤ እኔ አውቃታለሁ።»

ጠጋ ብሎ ትሪውን አየ። ከዚያ አጠገባችን ቁጢጥ ብሎ ይህን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ፤ እኔም ስለ ዳስካል፣ ስለ አሸዋው፣ የበግ ጠጉር ስለሚሸጡት አባቶች ነገርኩት። ለልጆቻችሁ በምን ትነግሯቸዋላችሁ የሚለው ላይ ስደርስ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ።

«ከዚያስ?» አለኝ፣ ሕጉን ረስቶ በአማርኛ።

«አላውቅም። አንተ መጣህ።»

ጫማውን አድርጎ ሁለቱን ፎቅ አብረን ወጣን። አባቴ የዳስካልን መጨረሻ ቢጠይቃቸው እትዬ ሙሉ ሌላ ምንም ሳይጠይቁ ነገሩን። ዳስካል እምቢ አለ፤ ገበያው መሐል ሰቀሉት። ወታደሮቹ ሣጥኖቹን ሰባበሩ፣ አሸዋውን ደጅ ደፉት። በማግሥቱ ልጆቹ ከወንዝ በቆባቸው አሸዋ እየዘገኑ መጡ፤ ከመካከላቸው የተሻለ የሚያውቀው ፊት ቆሞ ማስተማር ጀመረ። ሴት ነበረች ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የነገሩኝ ሰዎች አላሉም» አሉኝ፤ «አንቺ ካልሽ ግን ሴት ትሁን።»

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከአፍተር ስኩል ስንወጣ ወደ እሳቸው መሄድ ቀጠልን። በዓመቱ እንግሊዝኛ ከሚቸግራቸው ልጆች ክፍል ወጣሁ፤ እንግሊዝኛውና አማርኛው አንድም ቀን አልተጣሉብኝም። የአባቴ ስጋት ግን ከንቱ ነበር አልልም፤ እንደ እነዚያ አባቶች ሁሉ የፈራው ለልጁ ነው። ከታሪኩ እኔ ጋ የቀረው ስቅላቱ አይደለም፤ በቆብ የተዘገነው አሸዋ ነው።

እትዬ ሙሉ ያረፉት አንዋር ኮሌጅ በገባበት ዓመት ነው። ከእኔ በአንድ ራስ ይረዝማል፤ እናታችን በአማርኛ ስትጠራው ዛሬም በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስላት። ለቅሶው ቤት ውስጥ የእሳቸው ትንሽ የልጅ ልጅ ከሰው እግር ሥር ስትንከራተት አንዋር ተመለከታት። ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባና ያችን አሮጌ ትሪ ይዞ ወጣ፤ ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ ጨው ነሰነሰባት።

ማንም አላዘዘውም።