የእትዬ ሠርኬ እጅ

በርበሬ በረንዳ ገበያ ውስጥ እትዬ ሠርኬን የማያውቅ የለም። ከእኔ የዝንጅብል መደብ አጠገብ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው፣ የነጋዴውን የባህረዲንን ዛላ በርበሬ ሲቀነጥሱ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። ጭራውን ይነቅላሉ፣ የሻገተውን ይለያሉ። የእሳቸውን እጅ ያየ በርበሬ ከሌላው ዋጋው ጨመር ተደርጎ ይሸጥ ነበር፤ እሳቸውም በዚያችው ጭማሪ ይኖሩ ነበር።

ባለፈው ዓመት የበርበሬ ዋጋ ሰማይ ሲነካ መንግሥት ለደሃው አዝኖ ተመን አወጣ። በየሱቁ በር ተለጠፈ፦ በርበሬ በኪሎ አንድ ዋጋ ነው፣ ከዚያ በላይ የሸጠ ሱቁ ይታሸጋል። እትዬ ሠርኬ እልል አሉ። እኔም አጨበጨብኩ፤ በርበሬ እኛም ቤት ይገባላ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄኔ ነው።

በማግስቱ ባህረዲን ጭንቅላቱን እያከከ መጣ።

«እትዬ ሠርኬ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ። የተቀነጠሰውም ያልተቀነጠሰውም አንድ ዋጋ ከሆነ፣ ምን ብዬ ላስቀንጥስ?»

ባህረዲን ቀማኛ አይደለም፤ መንግሥትም ክፉ አላሰበም። ታዲያ የሴትዮዋን እንጀራ ማን ወሰደው? ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እሳቸው ግን እንደ እኔ ሲደነቁ አልዋሉም። ጆንያቸውን አንስተው ከሱቁ ማዶ ተቀመጡ። ሸማቹ ጭራና ሻጋታ የበዛበትን በርበሬ ከባህረዲን በተመኑ ይገዛል፤ ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ እትዬ ሠርኬ ዘንድ ያስቀነጥሳል፣ የእጃቸውንም ለብቻ ይከፍላል። ሁለቱ ሲደመር ከድሮው ይበልጣል። ማስቀነጠሻ ያጣ ደሃ ደግሞ ሻጋታውን ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። ሕጉ የወጣው ለእሱ ነበር እኮ! ይሄ ያናድደኛል።

ወሬው ደርሶ ነው መሰል፣ አንድ ቀን ተቆጣጣሪ መጣ። ባጅ ያንጠለጠለ፣ ትሁት ልጅ ነው።

«እማማ፣ የሚሸጡበት ዋጋ የታል?»

«በርበሬ አልሸጥም ልጄ። የበርበሬው ማዶ ተለጥፎልሃል።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚሸጡት?»

እትዬ ሠርኬ በበርበሬ የቀሉ ጣቶቻቸውን ዘርግተው አሳዩት። ልጁ እያገላበጠ አያቸው። ከልቡ ገረመው።

«ይሄማ አልታሰበበትም» አለ። «ለአለቆቼ እነግርልዎታለሁ። ለእርስዎም ሥራ ተመን ይወጣለታል።»

በመልካም ልብ ነው ያለው። እትዬ ሠርኬ ግን ደንግጠው ብድግ አሉና ሁለቱንም እጆቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ።

«በማርያም ልጄ፣ እንዳላየኸኝ ሆነህ እለፈኝ!»