ቅሉ፣ እንቁላሉና የኦባንግ ሄልሜት

ባለፈው ሳምንት የኮሌጁን ላቦራቶሪ ስናጸዳ አዲሷ ረዳቴ ወንበር ላይ ወጥታ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ቅል አወረደች። ወገቡ ዙሪያውን በመጋዝ ተቆርጦ በጥቁር ላስቲክ የታሰረ፣ ስንጥቁ ላይ ሰም የደረቀበት አሮጌ ቅል ነው። አቧራውን እፍ ብላ «ይሄን ልጣለው፣ እትዬ ዘሀራ?» አለችኝ። «ማይክሮስኮፑን ብትጥዪው ይሻልሻል» አልኳት። የምቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን ብዙም አልቀለድኩም ነበር።

ወቅቱ ማንጎ የሚበስልበት ነው። እዚህ ጋምቤላ በዚህ ሰሞን ማስተማር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንድ ነገር ማስረዳት ስትጀምር ቆርቆሮው ላይ ማንጎ ዱብ ይላል፣ ተማሪው ሁሉ ቀና ይላል፣ የጀመርከው ይጠፋሃል። ቅሉን ከእጇ ስቀበል አንድ ማንጎ ወደቀ። ልጅቷ በርግጋ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች። ያን ጊዜ ኦባንግ ትዝ አለኝ።

ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። በዚሁ ኮሌጅ የላቦራቶሪ ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ። በአንድ ማይክሮስኮፕ ሁለት ተማሪ ስለሚመደብ እኔ የደረሰኝ ከአቻላ ጋር ነው። አቻላ የአኙዋ ልጅ ናት፤ ቤታቸው ከባሮ ዳር ነበር። ትንሽ ትናገራለች፤ የተናገረችው ግን መሬት ጠብ አይልም። እኔ በተቃራኒው አፌ አያርፍም ነበር፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል የተስማማነው።

አባቴ ሀጂ ይማም በጎረምሳነቱ ከወሎ መጥቶ ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ከሳሙና እስከ ሞተር ብስክሌት መለዋወጫ ይሸጥ ነበር። በከተማው ያሉት የእርዳታ መሥሪያ ቤቶች ሞተረኞቻቸው ያለ ሄልሜት እንዳይነዱ ይከለክሉ ስለነበር ሄልሜትም ያስመጣል። ችግሩ ሙቀቱ ነበር። በመጋቢት የጋምቤላ ፀሐይ ባዶ ራስን እንኳ ያፈላል፤ ወፍራም ነጭ ፎም የተለጠፈበትን ሄልሜት ማን ይችለዋል? አባቴ ለዚህ መላ ነበረው። አንድ ሞተረኛ ሄልሜት ሲገዛ ሳንጃ ከምታህል ቢላዋው ጋር ብቅ ይልና ፎሙን ከውስጥ ፈልቅቆ ያወጣለታል። «ጭንቅላት መተንፈስ አለበት» ይል ነበር። ሄልሜቱ ቀለል ይላል፣ ነፋስ ይገባዋል፣ አለቆችም አይቆጡም። ከሌላ ሱቅ የገዙ እንኳ እኛ ጋ መጥተው ያስወጡ ነበር። ለዚህ አገልግሎት አባቴ ከምስጋና ሌላ የተቀበለው ነገር የለም፤ ለሰው የሚያስብ ሰው ነበረ።

የአቻላ ታላቅ ወንድም ኦባንግ ከእነዚህ ሞተረኞች አንዱ ነበር። ለአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ኢታንግ መድኃኒትና ደብዳቤ ያመላልሳል። አባታቸው ከሞተ በኋላ አቻላን ያሳደጋት እሱ ነው። በልግ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ መንገዱን ባሟለጨበት ቀን፣ ላም ገባችበት። ሞተሩ ተንሸራተተ፤ እሱም ወድቆ ጭንቅላቱ ከድንጋይ ጋር ተላተመ። ወዲያው ተነሣ፤ ጭቃውን አራግፎ ሞተሩን እየገፋ ከተማ ገባ። ደም የለ፣ እብጠት የለ። ሄልሜቱ ላይ ከአንዲት ጭረት በቀር ምንም አልነበረም።

አባቴ ይህን ሲሰማ ሮጦ ሄደ። ያን ሄልሜት ተቀብሎ በምትኩ አዲስ ሰጠው፤ የአዲሱንም ፎም እንደ ልማዱ አወጣለት። የተጫረውን ሱቁ በር ላይ ሚስማር መትቶ ሰቀለው። ለገባ ለወጣው ሁሉ «እዩት፣ አልተሰነጠቀም፤ የኦባንግን ነፍስ ያተረፈው ይሄ ነው» ይላል። እኔም ኮርቼበት ነበር፤ አልዋሽም።

አቻላ ግን ከቀን ወደ ቀን ፊቷ ይጠቁር ጀመር። አንድ ጠዋት ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳቀረቀረች «ኦባንግ ሻይ ውስጥ ጨው ጨመረ» አለችኝ። «ይሳሳታል ሰው» አልኳት። «ሁለት ቀን ጨመረ። ብርሃን አይወድም። ራሱን ያመዋል።» ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አነሣች። «ትላንት እኔን አየኝ። ‹አንቺ› አለ። ከዚያ ቆመ። ስሜን ፈለገ፣ አጣ።»

አቻላ ወስዳው ያየው ሐኪም አንጎሉ ከውስጥ ተናውጧል፣ ሕመሙ ፈጽሞ እስኪለቀው ይረፍ፣ ሳይድን ሌላ ምት ካገኘው ላይተርፍ ይችላል ብሎ ነበር። ኦባንግ ይህን አልተቀበለም። ደም ያልወጣበትን ነገር በሽታ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ያን ጊዜ እኛ ከተማ ጥቂት ነበር። «ሀጂ ሄልሜቱ አድኖሃል ብለውኛል፤ ሰኞ ሥራ እገባለሁ» ብሎ ቆረጠ። ያ ሰኞ ገና አሥር ቀን ቀርቶት ነበር።

ነገሩን ለመምህራችን ለመምህር ጋትሉዋክ ነገርናቸው። እሳቸው የኑዌር ሰው ናቸው፤ ቁመታቸው ከሰሌዳው ይረዝማል። ጠመኔ አንሥተው ክብ ሳሉ፤ በውስጡም ሌላ ክብ። «ይሄ አጥንት ነው፣ ይሄ አንጎል። በመሃል ውኃ አለ። ራስ ድንጋይ ሲመታ ይቆማል። አንጎል ግን ወዲያው አይቆምም፤ ሄዶ የራሱን ግድግዳ ይመታል።» ከዚያ ወደ አቻላ ዞሩ። «ወንድምሽ በቃል አያምንም። በዓይኑ ይይ። ሥሩትና አሳዩት።»

ተመራማሪዎች የአንጎል ምስያ ከጄላቲን እንደሚሠሩ መምህሩ አንብበው ነበር። ከኬክ ቤት ጄላቲን ለመንን፤ የኮሌጁ የመድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ አሳድረን ጠዋት ደስ የሚል ረጋ ያለ አንጎል አወጣን። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሾርባ ሆነ። በማግሥቱም እንደዚያው። መምህሩ ሳህኑን አዘንብለው እያዩ «ጋምቤላ አንጎል ሳይመታም ይፈሳል» አሉ፤ እኛ ግን መሳቅ አልቻልንም፤ ቀኑ እያለቀ ነበር።

ሐሙስ ወደ ፑኝዶ ዕቃ የሚጫንበት ቀን ነው። አባቴ ለዚያ ለሚነግዱ ሰዎች እንቁላል ይልካል፤ በዚያ መንገድ እንቁላል መላክ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ከኮሌጅ ስመለስ ሳጥኑን ለአንድ ደንበኛ እያሳየ ደረስኩ። ከባንኮኒው ላይ መሬት ለቀቀው። ክዳኑን ከፈተ፤ አንድም አልተሰበረም። «ወላሂ ፑኝዶ ድረስ እንዲሁ ነው» አለ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ሳጥኑ ውስጥ ዙሪያውን የተነጠፈው ከሄልሜቶቹ የወጣው ነጭ ፎም ነበር። አባቴ ነገር መጣል አያውቅም። የሰው ራስ ሊያርፍበት በተሠራው ጎድጓዳ ውስጥ እንቁላሎቹ ተደርድረዋል።

አንዱን አንሥቼ ጎድጓዳውን በጣቴ ዳሰስኩት። «አባ፣ እንቁላል ስጠኝ» አልኩት። «ለምን?» አለ። «ለፈተና።» ውሸት አልነበረም።

አቻላ የኦባንግን ራስ የሚያህል ቅል ከቤታቸው አመጣች። ወገቡን ቆረጥን፤ እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ሳያርፍ እንዲንሳፈፍ ጨው የበዛበት ውኃ ሞላንበት፤ እንቁላሉን ጨምረን በሰም ደፈንነው፤ ከብስክሌት ጎማ በወጣ ላስቲክ አሰርነው። ሄልሜት አጥልቀንለት ከመሰላል ላይ ከባሮ ዳር ባመጣነው ድንጋይ ላይ ጣልነው። መምህሩ አጠገባችን ቆመው የሚደጋግሙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ከፍታው አይለወጥ፣ ቅሉ አይለወጥ፣ ሄልሜቱ አይለወጥ። ፎሙን ብቻ አውጡ፣ ፎሙን ብቻ መልሱ።»

ያለ ፎም ሲወድቅ ሄልሜቱ ደህና፣ ቅሉ ደህና፤ ስንከፍተው ውኃው ቢጫ ነው። በፎም ሲወድቅ ፎሙ ይሰረጉዳል፤ እንቁላሉ ግን ሙሉ ሆኖ ይወጣል። እስከ እሑድ ስንት ጊዜ እንደጣልን አላስታውስም። የተሰበረውን መምህሩ አጣርተው በቃሪያ ይጠብሱልን ነበር፤ ሽታው ግቢውን ሲያውደው የነርስ ተማሪዎች ሁሉ «እናግዛችሁ» እያሉ ይመጡ ጀመር። ሳይንስ ጋምቤላ ውስጥ እንደዚያን ሰሞን ደጋፊ አግኝቶ አያውቅም።

እሑድ ከሰዓት አቻላ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን እንደለበሰች፣ ቅሉንና ድንጋዩን ይዛ ሱቃችን በር ላይ ቆመች። «እኔን አይሰማም። ሀጂን ይሰማል» አለችኝ። ልቤ የፈራውን ነው የተናገረችው። አባቴን በገዛ ደጁ፣ በገዛ ዕቃው፣ በሰው ፊት ላሳፍረው ነው። አባትን ማሳፈር እኛ ቤት ቀላል ነገር አልነበረም። ግን ሰኞ ነገ ነበር። ኦባንግ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ፣ የሞተሩን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያዞረ ከእህቱ ኋላ መጣ። «እኔ እንቁላል ነኝ እንዴ?» ብሎ ቀለደብን።

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ፊቱ ግን እየተኮሳተረ ሄደ። «ያንቺን እንቁላል አላምንም» ብሎ ከራሱ መረጠ፤ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሣ አየው። የተጫረውን ሄልሜት ከሚስማሩ አወረደና ለቅሉ ራሱ አጠለቀለት፤ የሱቁ መሰላል ላይም ራሱ ወጣ፤ ድንጋዩ ላይ ለቀቀው። አንሥቶ ቅሉን ዞር ዞር አድርጎ አየና «ይኸው፣ ደህና ነው» አለ።

«ላዩማ ደህና ነው፣ አባ» አልኩት። «ኦባንግም ላዩ ደህና ነው። ክፈተው።»

ከፈተው። ቢጫው ውኃ በጣቶቹ መሃል ወረደ። እኔ ሱቅ ውስጥ ከቀረ የእንቁላል ሳጥን ፎሙን አውጥቼ፣ እዚያው ሄልሜት ውስጥ ወደነበረበት መልሼ ሰጠሁት። አሁንም ወጣ፣ ለቀቀ፣ ከፈተ። እንቁላሉ ሙሉውን መዳፉ ላይ ተንከባለለ። አላመነም፤ ሦስቴ ደገመው፤ ሦስቴም እንደዚያው ሆነ። በመጨረሻ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀመጠና የተሰረጎደውን ፎም በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ለእንቁላል የሳሳሁትን ለሰው ራስ ሳልሳሳ ቀረሁ» አለ።

ከዚያ ቀና አለ። «ኦባንግ፣ ነገ የትም አትሄድም።»

«ሄልሜቱ አዳነህ ብለውኝ ነበር፣ ሀጂ።»

«ተሳስቻለሁ። ያዳነህ አላህ ነው። ሄልሜቱን ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

ኦባንግ መነጽሩን አወለቀ። ብርሃኑ እያሳመመው እንኳ ቅሉን ረዥም ጊዜ አየው፤ ጣቱን ቢጫው ውኃ ውስጥ ነክሮ አወጣ። ቁልፉን ለእህቱ ዘረጋላት። «ያዥው። ብለምንሽም አትስጪኝ» አላት። ለመናትም። እሷ ግን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ክረምቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ይዛው ትመላለስ ነበር።

አባቴ በማግሥቱ ገበያ መሃል ወጥቶ ያለፈውን ሞተረኛ ሁሉ አስቆመ። «ቢላዋዬ ነው የበደላችሁ» እያለ ፎሙን በማስቲሽ ሲመልስላቸው ዋለ። አንዳንዱ ሙቀቱን እያነሣ ተከራከረው፤ አባቴም ቅሉንና እንቁላሉን አምጥቶ አሳየው፤ ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። የዚያ ሳምንት የፑኝዶ እንቁላል በሣር ታሽጎ ሄደና ግማሹ ተሰብሮ ደረሰ። አባቴ ግን በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

በቆሎው እሸት ሲደርስ የኦባንግ ራስ ምታት ለቀቀው። አንድ ጠዋት የላቦራቶሪው በር ላይ የተጠበሰ እሸት ይዞ ቆመ። «አቻላ፣ ዘሀራ፣ መምህር ጋትሉዋክ» እያለ አንድ በአንድ አደለን። አቻላ እሸቷን እንደያዘች አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ መምህሩ ጀርባቸውን ሰጥተውን ሰሌዳ ሲያጠፉ ቆዩ፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ነገር ግን አልነበረም።

አባቴና መምህር ጋትሉዋክ ዛሬ በሕይወት የሉም። አቻላ አቦቦ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን ከዚያ የተሻለ ምርምር አልሠራሁም፤ አልቆጭም። በሌላው ዓለም የተሟላ ዕቃ ያላቸው ሰዎች አንጎልን ስለመጠበቅ የሚጽፉትን ዛሬም አነባለሁ፤ እየገባኝም ሳይገባኝም ደስ ይለኛል። የኛው ቅል ለሳይንስ የጨመረው ነገር የለም። ለአንዲት እህት ግን ስሟን መልሶላታል።

ረዳቴ ቅሉን ወደ ቦታው አልመለሰችውም። አጥባ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው፤ በየዓመቱ ለአዲሶቹ ተማሪዎች ቅሉን ጥለን የምናሳይበት ቀን አርብ ነበርና። እንቁላሉን በየዓመቱ የሚያመጣው ኦባንግ ነው። ጠጉሩ ሸብቷል፣ በምርኩዝ ይሄዳል። አርብም እንደ ልማዱ በር ላይ ቆሞ የሚገቡትን ልጆች ሁሉ ስማቸውን ጠየቀ፤ ረዳቴንም ጠየቃት። ሁሉም ገብተው ከተቀመጡ በኋላ መሃል ቆመና ከፊተኛው ረድፍ ጀምሮ እስከ ኋላ፣ ኑዌሩን፣ አኙዋውን፣ ከደጋ የመጣውን፣ አንድም ሳይስት በየስማቸው ጠራቸው። ልጆቹ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡለት። እሱም እንቁላሉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረና «በይ ዘሀራ፣ አሁን ጣዪው» አለኝ።