የምትጾመው ዓሣ

ሁዳዴ ገና ሲጋመስ ነው። እናቴን የሳንባ ሕመም ካልጋ አውሏት፣ ሐኪሙ መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይሆንም፣ ሥጋ፣ ዕንቁላል፣ ቢያንስ ዓሣ ትብላ ብሎናል። እሷ ግን ወይ ፍንክች! የንስሐ አባቷ ፉሪ ቤታችን ድረስ መጥተው ለታመመ ይፈቀዳል ቢሏት እሺ አባ ብላ ሸኘቻቸው፤ ማታ ያው ሽሮዋን ጠየቀች። እሱንም ሁለት ጉርሻ። ዓይኔ እያየ አለቀች፤ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

እኔ ሰበታ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍ ውዬ፣ ታክሲ ተጋፍቼ ፉሪ ስደርስ ወገቤ የራሴ አይመስለኝም። የዚያን ዕለት ከሰፈራችን ሱቅ አንድ ቆርቆሮ ዓሣ ገዝቼ ገባሁና አጠገቧ ከፈትኩት።

ለመሆኑ ይሄ ዓሣ ራሱ ምን ይበላል አለችኝ። ሣር ብላት ኖሮ ትበላው ነበር። ምን ላድርግ፣ አስተማሪነት ክፉ ነው! ሄሪንግ የሚሏት ትንሽ ዓሣ ናት፣ በቀዝቃዛ ውቅያኖስ በመንጋ ትኖራለች፣ ደቃቅ የውኃ ነፍሳት ትለቅማለች፣ እሷን ደግሞ ትልልቁ ዓሣም ወፉም ይበላታል አልኳት።

"ታዲያ ሥጋ በል ናታ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መከራከር ታከተኝ። ክፍል ውስጥ እንደማወራው ዝም ብዬ ቀጠልኩ። የዚያ አገር ብርድ ሲገባ፣ ፀሐይ ሲጠፋና ነፍሳቱም ሲመናመኑ፣ ይህች ዓሣ ከመንጋዋ ጋር ጥልቅ ውኃ ውስጥ ወርዳ ወራቱን ምንም ሳትቀምስ ትከርማለች አልኳት።

እናቴ ዞር አለች። "ትጾማለች?"

"ትጾማለች።"

በምን አቅሟ አለችኝ። ምግብ በሞላ ጊዜ ባጠራቀመችው ስብ ነው፤ ስብ ሳትይዝ ብርዱ የገባባት ግን ፀሐይዋን መልሳ አታያትም አልኳት።

ክንዷን ከብርድ ልብሱ አውጥታ አየችው። ከዚያ የኔን ያዘች። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም፤ እሷን ሳስታምም ልብሴ ሁሉ ሰፍቶኛል።

"አንቺስ ምን ቋጥረሽ ነው የምትጾሚው?"

ብቻዋን እንደማትበላ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ በሁዳዴ ዓሣ ቀምሼ አላውቅም። እሺ አልኳት። አማተበችና ቀድማ ጎረሰች፤ ቀጥላ በእጇ አጎረሰችኝ። እያለቀስኩ ዋጥኩት።