መጽሐፉ ውስጥ ወንዝ ነበረ ወይ?

መካነ ሰላም መናኸሪያ አካባቢ ያለችኝ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት ሳላስበው ፍርድ ቤት የሆነችው በአንድ ልቦለድ ምክንያት ነው። መጽሐፉን ያመጣችው የአጎቴ ልጅ ናት፤ ከጅዳ ስትመለስ አዲስ አበባ አድራ ገዝታው መጣች። መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢው ብዙ ስለሆነ አንዱ ሲጨርስ ለተከታዩ እኔ ጋ አስቀምጦለት ይሄዳል። ማስቀመጥ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? ሳይፈርድ የሚሄድ የለም።

ታሪኩ የመርሳት ሕመም ስለያዘው አንድ ሰውዬ ነው። ሚስቱ ሞታለች። አሟሟቷን የሚነግረን እሱ ነው፤ በነገረን ቁጥር ግን ሌላ ነው። አንዴ ከገደል አፋፍ ወደቀች ይላል። አንዴ ደግሞ ቤቱ ሲቃጠል በሩን ከውጭ የዘጋው እጅ የኔ ይመስለኛል ይላል። ይግደላት አይግደላት ሳይለይ መጽሐፉ ያልቃል። እኔማ የመጨረሻውን ገጽ ሳዞር ባዶ ወረቀት ስላጋጠመኝ፣ የተገነጠለ መስሎኝ ከአጎቴ ልጅ ጋር ተጣልቻለሁ።

ከአንባቢዎቹ መሀል ሁለቱ አላስቀምጥ አሉኝ። አንዱ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ መጽሐፍ ማንበብ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። “ገድሏታል! ንጹሕ ሰው እንዲህ አይቀባጥርም” ይላል። ሁለተኛው ጠበቃ ነው፤ ስልኩን የኔ ሶኬት ላይ ሰክቶ “በምን ማስረጃ? ሰውዬው በነጻ ይሰናበት!” እያለ ደንበኛ ያባርርብኛል። አንድ ቀን የአጎቴ ልጅ ሰልችቷት “ቢገድላትም ባይገድላትም ከሐሳቡ ጋር የሚኖረው እሱ ነው፤ እናንተን ምን አገባችሁ?” አለቻቸው።

እኔ መጽሐፉን ያነበብኩት ለብቻዬ አልነበረም። ለአባቴ ጮክ ብዬ ነበር የማነብላቸው። አባቴ ዕድሜያቸውን በእርሻ የገፉ፣ በአገራችን የታወቁ አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው። ደም የተቃባ፣ ወሰን የተጋፋ ሁሉ በሳቸው እጅ አልፏል። በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳይ ደጃፍ ሲወድቅ፣ “አፉ ተብለሃል፣ ተነሥ” ብለው ድንጋዩን የሚያወርዱለት እሳቸው ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክምና ቁርስ መብላታቸውን መርሳት ሲጀምሩ ከገጠር አምጥቼ ከኔ ጋር አስቀመጥኳቸው። ያን ክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝ ሱቅ ውስጥ ወንበር ሰጥቻቸው አነብላቸዋለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማም ነበር፤ ሲሰለቸኝ እዘላለሁ፣ እሳቸው ደግሞ መሀል ገብተው የራሳቸውን ወሬ ይጨምራሉ።

የሳቸው ፍርድ ከሁሉም የተለየ ነበር። ገደላት አልገደላት የሚለው አላስጨነቃቸውም። “ይሄ ሰውዬ አገር የለውም እንዴ? ድንጋይ አሸክሞ እሚወስደው አንድ ሽማግሌ እንኳ ይጥፋ?” አሉኝ። “አባየ፣ ልቦለድ እኮ ነው” አልኳቸው። “ቢሆንስ?” አሉ።

መጽሐፉ ከኔ ወደ መምህሩ፣ ከመምህሩ ወደ ጠበቃው ሄደ። ጠበቃው ለችሎት አጅባር ይዞት ሄዶ አውቶቡስ ላይ ረሳው። ስለ መርሳት የተጻፈ መጽሐፍ ተረሳ ብለን ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየልኝም። አንድ ጠዋት አባቴ ቁርሳቸውን ገፋ አድርገው “እጁን ለቀቅኩት” አሉ።

“የማንን እጅ አባየ?”

“የወንድሜን። ውሃው በረታብኝ። ይዞኝ ነበር፣ ለቀቅኩት።”

የአጎቴን አሟሟት እኛ ቤት የማያውቅ የለም። ከወግዲ ገበያ ሲመለስ፣ ክረምት ነበር፣ ብቻውን ሊሻገር ገብቶ ወንዙ ወሰደው። ልጁ ያኔ ገና ትድህ ነበር፤ ይቺው መጽሐፉን ያመጣችው ናት። አባቴ ከኋላ ደርሰው ያገኙት በትሩን ብቻ ነው። እኔ ያደግኩት ይህን እየሰማሁ ነው። አባቴም በየክረምቱ የወንድማቸውን ሚስት እርሻ ከራሳቸው አስቀድመው ሲያርሱ ኖረዋል፤ ደግ ስለሆኑ ይመስለኝ ነበር።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ልቦለድ ያወጣዋል ሲሉ ግን ሰምቼ አላውቅም። ፈራሁ። እውነት ከሆነ የአጎቴ ሚስት ዕድሜ ልካቸውን ውሸት ተነግሯቸው ኖረዋል ማለት ነው። ከመጽሐፉ የተጋባባቸው ከሆነ ደግሞ ንጹሕ አባቴ በማላውቀው ሰውዬ ኃጢአት ሊሞቱብኝ ነው። እሳቸው በየቀኑ “እሷ ዘንድ ውሰጅኝ፣ አፉ ትበለኝ” ይላሉ። ወስጄ ምን ላስብላቸው? ያልሠሩትን ቢናዘዙ አንዲት መበለት ሐዘኗ ይቀሰቀሳል፤ የሠሩት ከሆነ ደግሞ ዝም ማሰኘት ግፍ ነው። ግራ ገባኝ። ከሁሉ የከፋው፣ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ወንዝ ይኑር አይኑር እኔ ራሴ እርግጠኛ አልነበርኩም። ገደሉ ትዝ ይለኛል፣ እሳቱም። በዘለልኩት ገጽ ውስጥስ ጎርፍ ቢኖር?

መምህሩን ጠየቅኩት። “አዎ፣ የሞላ ወንዝ አለ” ካለ በኋላ ትንሽ አስቦ “ወይስ ፊልም ላይ ነው ያየሁት?” አለ። ጠበቃውን ጠየቅኩት። “ወንዝ የለም፤ ቢኖር አስታውሰው ነበር” አለ። መጽሐፉን የት እንደጣለው የማያስታውስ ሰው! ነገሩን ሳጫውተው “ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይሄ ነው፤ አባትሽ ከመጽሐፉ ሰምተው ነው” ብሎ ሳቀብኝ። ወንዝ ከሌለ ከየት እንደሰሙት ግን አልነገረኝም።

የአጎቴን ልጅ መጠየቅ ከበደኝ፤ ሟቹ አባቷ ነው። ቢሆንም መጽሐፉን ደጋግማ ያነበበች እሷ ብቻ ስለሆነች ጠየቅኳት፤ ለምን እንደጠየቅኩም አልደበቅኳትም። ፊቷ ተለዋወጠ። “ላስታውስ” ብላ ሄደች። በማግሥቱ መጥታ ሳትቀመጥ “አለበት። መሀሉ ላይ ሚስትየዋን ጎርፍ ሲወስዳት እጇን ይለቃል። አባትሽ ያንን ሰምተው ነው፤ አብሽሪ” አለችኝ። ሸክም የወረደልኝ ያህል አለቀስኩ። ዘልየዋለሁ ማለት ነው አልኩ።

አባቴ ግን የሚጠብቁት የኔን ማጣሪያ አልነበረም። አንድ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው የምደግፍበትን ድንጋይ አንሥተው ጫንቃቸው ላይ አደረጉ።

“አባየ፣ ምን ሊሆኑ ነው?”

“ተነሽ እንሂድ። ሽማግሌ ትሆኝልኛለሽ። በዳይ ለብቻው አይሄድም።”

“እኔ? ሴት ልጅዎ?”

“ሌሎቹ አልቀዋል እኮ” አሉኝ።

ልቀማቸው ብል አልሰጥም አሉ። በከተማው መሀል ተጓዝን፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው፣ እኔ በእፍረት ነጠላዬን ወደ ፊቴ ጎትቼ። ሰው መንገድ እየለቀቀ “ማን ሞተ? ምን ተፈጠረ?” እያለ ይንሾካሾካል። ስንቱን ድንጋይ ከሰው ጫንቃ ያወረዱ ሰው ራሳቸው ተሸክመው ሲያይ የማይደነግጥ የለም። በልቤ ‘መጽሐፉ ውስጥ አለ፣ መጽሐፉ ውስጥ አለ’ እያልኩ ደረስን።

የአጎቴ ሚስት ከከተማው ጫፍ፣ ልጃቸው ባሠራችላቸው ቤት ነው የሚኖሩት። ደጃፍ ላይ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። አባቴ ከፊታቸው ተንበረከኩና “ዋርሳየ፣ አፉ በይኝ” አሉ። ምን እንዳጠፉ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ የአጎቴ ሚስት ግን አላስጨረሷቸውም። ጎመኑን ጣል አድርገው ተነሡና ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አወረዱት። “አፉ ብየሃለሁ ዋርሳየ። ፈጣሪም አፉ ይበልህ። ግባ፣ ምሳ ደርሷል” አሏቸው። አባቴ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

አባቴን ውስጥ አስቀምጠን ወጣ ስንል “እትየ፣ አይቀየሙ፤ መጽሐፍ አንብቤላቸው ነው፣ እዚያ ውስጥ ወንዝ አለ” አልኳቸው።

“ልጄ ለኔም አንብባልኛለች” አሉ። “ከጫፍ እስከ ጫፍ። ወንዝ የለበትም። ስትጠይቂያት መጥታ ነገረችኝ፤ አለበት በያት ያልኳት እኔ ነኝ።”

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። “ያውቁ ነበር?”

“አባትሽ ያን ቀን ሲመጣ ክንዱ የጥፍር ቁስል ነበረው። ባሌ ሲይዘው፣ ሲቧጭረው። ያጠብኩለት እኔ ነኝ። ምን ብየ ልጠይቀው?” ጎመኑን እንደገና አነሡ። “ባይለቀው እናትሽና እኔ ባንድ ቀን ጥቁር እንለብስ ነበር። አንችም ያኔ ገና አልተወለድሽም ነበር።”

አባቴ ጠግበው፣ ቀለል ብሏቸው ብቅ አሉ። ደጃፉ ላይ ድንጋዩን አይተው “ይሄን ደግሞ ማን አመጣው?” አሉ። የአጎቴ ሚስት ቀና ብለው አዩኝ። “የሱቄ ነው” አልኩና ታቅፌው ተመለስን።

ይቅርታውን የረሱ አባቴ በደላቸውን ግን አልረሱትም። ሳምንት ሳይሞላ “እጁን ለቀቅኩት” አሉ፤ ከበሩ ሥር ድንጋዩን አነሡ። አብሬ ሄድኩ። የአጎቴ ሚስትም እንደ አዲስ አወረዱላቸው፣ እንደ አዲስ አፉ አሏቸው። አንዴ ድንጋዩን ደብቄው ነበር፤ ከጎረቤት ሻይ ቤት የባሰ ትልቅ ድንጋይ ይዘው ሊሄዱ ሲሉ ደረስኩባቸው። እኔው ሽማግሌ ሆኜ እመላለሳለሁ።

መምህሩና ጠበቃው አሁንም እየመጡ ይከራከራሉ፤ መጽሐፉም እስካሁን አልተገኘም። ነፋስ በመጣ ቁጥር የሱቄ በር ጓ ብሎ ይዘጋባቸዋል። “ምነው፣ ያ ድንጋይሽ የት ሄደ?” ይሉኛል። ለአባቴ ጫንቃ ቀለል ያለ መርጬ ነው ያስቀመጥኩት።