ብረት አይንካው

በደርግ ጊዜ ጉደር ጤና ጣቢያ ጤና ረዳት ነበርኩ። ስንቱን እብጠት በእጄ ዳስሼ “ዛሬውኑ አዲስ አበባ ሂዱ” ብያለሁ። የራሴን ጡት እብጠት ግን “ልጄን ጡት ካስጣልኩ ወዲህ የቋጠረ ወተት ነው” እያልኩ ሦስት ወር ተሸከምኩት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄጄ ታየሁ። ሐኪሙ ነቀርሳ መሆኑን ሳይደብቅ ነገረኝ። ብብቴን ደጋግሞ ዳሰሰና የተሰራጨ እንደማይመስለው አስረዳኝ። “ሴሎችን እርስ በርስ አጣብቀው የሚይዙ ፕሮቲኖች አሉ፤ ጭቃ የግድግዳን እንጨት እንደሚይዝ ማለት ነው። ነቀርሳው ሾልኮ እንዳይወጣ መንገድ የሚዘጉበትም አሉ። እስከ መቼ እንደሚይዙልሽ ግን አላውቅም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለሽና ጡትሽ ይቆረጥ።”

እውነት ለመናገር ሰውነቴ ከዳኝ ብዬ ተቀይሜው ነበር። ለካ ሳላውቀው ሲከላከልልኝ ነው የከረመው። ወደ ጉደር ስመለስ አውቶቡሱ አዲስ ዓለምን እስኪያልፍ ድረስ አለቀስኩ።

ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ደግሞ አባቴ ከሞተ በኋላ ላሳደገኝ አጎቴ ነገረችው። እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ እርጥብ ሰርዶ በእጁ ይዞ መጣ። በእኛ አገር ሰርዶ ይዞ የሚለምን ሽማግሌ እምቢ አይባልም። ደም የተቃባ እንኳ ይታረቅበታል።

“ማሎ፣ ኢንተላ ኮ” አለኝ፤ እባክሽ ልጄ ማለቱ ነው። “ነቀርሳ ብረት ከነካው ይበተናል። ካቺሲ የነበረችው አክስትሽ ተቆርጣ መች ከረመች? አንቺም ዓመት አትደፍኚ። ይህን ተቀበይኝና ቅሪ።”

አክስቴን እኔም አስታውሳታለሁ። ሥር ስትጠጣ ከርማ፣ ብብቷ ቆስሎ ክንዷ ካበጠ በኋላ ነው ሆስፒታል የገባችው።

“እሷን የገደላት መዘግየቷ ነው” አልኩት። “አባባ፣ ሰውነቴ ይህን ነገር ብቻውን ይዞልኛል። እስኪደክመው ልጠብቅ?”

“ሰርዶ ይዘን ነው የመጣነው” አለ አንዱ ሽማግሌ፣ ያላየሁ ይመስል።

“አይቻለሁ። አልቀበልም።”

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አጎቴ የዘረጋውን ሰርዶ መልሶ ይዞ ሳይመርቀኝ ወጣ። ጥጋብ ነው አሉ። ይበሉ። ጡቱ የእኔ፣ ሞቱም የእኔ፤ ምክሩ ብቻ የአገር ሁሉ ሆነ።

ተቆረጥኩ። በጎደለው በኩል ጥጥ ጠቅልዬ ከትቼ ሥራዬ ገባሁ። አጎቴ ግን ገበያ ላይ ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ነበር። ሰው ብልክበትም አልታረቀኝም፤ እኔም ጥፋተኛ ነኝ አላልኩም።

ዓመት አትደፍኚም ያለኝን ሰው በአራተኛው ዓመት እኔ ቀበርኩት። አሳድጎኛልና ከልቤ አለቀስኩ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ መቃብሩ አጠገብ ብቻዬን ቀረሁና፣ “አለሁ፣ አባባ” አልኩት።